የማትታሰረዋ ልዕልት

"እምቢ" ሲባሉ የማይገባቸው ሰዎች በየከተማው አሉ። ጆሯቸው ደህና ነው፤ ከመንገድ ማዶ የሚወራ ሐሜት አያመልጣቸውም። እምቢታ ላይ ሲደርስ ብቻ ድፍን ይላል። በር ሲዘጋባቸው "ዛሬ ሥራ በዝቶባቸዋል፣ ነገ ብቅ እላለሁ" ይላሉ። ፊት ሲነሷቸው "ምነው፣ አሞዎታል እንዴ?" ብለው ሾርባ ይልካሉ። እንዲህ ያለው ሰው ደሃ ከሆነ ገላምጠው ይሸኙታል፤ ሀብታም ከሆነ ጥርስ ነክሰው ይችሉታል። ልዕልት ከሆነ ግን ያ ከተማ አበቃለት።

የእኛዋ ሄርንፎርድ አብቅቶላት ነበር። ክብርት ልዕልት ሄማላታ የሚኖሩት በቴምስ ወንዝ ዳር፣ ንጉሡ በሰጧቸው ቤት ውስጥ ነው። አባታቸው ህንድ ውስጥ ግዛት ነበራቸው። መንግሥታችን ግዛቱን ወሰደና በለውጡ ጡረታ፣ አደን የሚወጡበት ጫካና በየግብዣው የክብር ወንበር ሰጣቸው። ልጃቸው የተወለዱት እዚሁ ነው። እንግሊዝኛቸው ከቄሳችን ይጠራል፤ ስለ ዝናቡም እንደ ማናችንም ያማርራሉ። ፊት ለፊት የሚያናግሩትን ሁሉ አንቱ ይላሉ። ጄኔራል የሚባለውን ወፍራም ውሻቸውን እንኳ "ጄኔራል፣ እባክዎ ከሴትዮዋ ቀሚስ ላይ ይውረዱ" ሲሉት በጆሯችን ሰምተናል።

ታዲያ አርባ ዓመት ሊሞላቸው ሲል፣ ሰው ሁሉ "እንግዲህ ውሻ እያናፈሱ ማርጀት ነው" ብሎ ሲደመድም፣ ልዕልቲቱ ሴቶች ድምፅ ይስጡ የሚለውን ነገር ያዙ። የያዙትን ደግሞ አይለቁም።

ስጋ ሻጩ አበሳውን አየ፣ ቄሱ አዩ፣ የባቡር ጣቢያው ኃላፊ አየ። ዋልተር ፒግራም ያየውን ያህል ግን ማንም አላየም። ፒግራም ተራ ፖሊስ ነው። ጢሙ ትልቅ፣ ድምፁ ትንሽ፣ ጸብ የማይወድ ሰው። የሥራው ቦታ የባቡር ጣቢያው ጥግ ነበር፤ ድምፅ የሚጠይቁት ሴቶች ጋዜጣ የሚሸጠውም እዚያው ነው።

እነዚያ ሴቶች ጋዜጣ ሲሸጡ አንድ ወግ ነበራቸው። የእግረኛ መንገድ ላይ የቆመች ሻጭ "መተላለፊያ ዘግታለች" ተብላ ትታሰራለች። ከጠርዙ ወርዳ፣ የዝናብ ውኃ በሚሄድበት ቦይ ውስጥ የቆመችን ግን ሕግ አይነካትም። ስለዚህ በአገሩ ሁሉ ባርኔጣቸው ላይ አበባ የሰኩ የተከበሩ ሴቶች ጫማቸው በስብሶ፣ የጋሪ ጭቃ እየተረጨባቸው፣ ቦይ ውስጥ ቆመው ጋዜጣ ይሸጡ ነበር። ልዕልት ሄማላታም በመጀመሪያው ቅዳሜ ፀጉራም ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ጄኔራልን አስከትለው፣ ቦዩ ውስጥ ወረዱ።

"እንደምን ዋሉ፣ አቶ ፒግራም። ጋዜጣ ይገዛሉ?"

"ሥራ ላይ ነኝ፣ ልዕልት።"

"መቼ ይጨርሳሉ?"

"ማታ ነው፣ ልዕልት። በጣም ይመሻል።"

"ግድ የለም፣ እጠብቃለሁ።"

ጠበቁ። ፒግራም ሲመሽ በሌላ መንገድ ሊሾልክ ሞከረ፤ ጄኔራል እየጮኸ ተከተለው። ገዛ፣ ምን ያድርግ። እሱ አላነበበውም፤ ሚስቱ አዳ አነበበችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እራቱን በሰላም አልበላም። "ዋልተር፣ ይሄን ታውቅ ነበር?" ትለዋለች ሹካው አፉ ሳይደርስ። አያውቅም ነበር።

ወይዘሮ ክራቨን-ሞስንማ ተዉት። እኚህ ሴት ሴቶች ድምፅ እንዳይሰጡ የሚታገለው ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። እንደ ማንኛዋም ትልቅ ሴት እንግዳ የሚቀበሉበት ቀን አላቸው፤ የእሳቸው ማክሰኞ ነው፣ ካርዳቸው ላይ ታትሟል። በዚያ ቀን ከቤተሰቡ ጋር የሚተዋወቅ ሁሉ ይገባል፣ ሻይ ጠጥቶ ሩብ ሰዓት አውርቶ ይወጣል። ልዕልቲቱ አንድ ማክሰኞ ከች አሉ። አሳላፊው ገና "ልዕልት ሄማላታ" ብሎ ሳይጨርስ የማኅበሩ አባላት በሙሉ ከወንበራቸው ብድግ። ወግ ነዋ። ልዕልት ገብታ ማን ይቀመጣል? ወይዘሮ ክራቨን-ሞስም ጉልበታቸው እየተንቋቋ እጅ ነሱ፣ ዋናውን ወንበር ለቀቁ። ልዕልት ሲናገሩ ማቋረጥ ነውር ነው፤ ልዕልት ሳይነሱ መነሳት ደግሞ የባሰ ነውር። ልዕልቲቱ ይህን በደንብ ያውቃሉ። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ፣ መብራት እስኪበራ ድረስ ስለ ሴቶች መብት አስተማሯቸው። ወይዘሮ ክራቨን-ሞስ በማግሥቱ ራሳቸውን አመማቸው። ቢሆንም ለጎረቤቱ ሁሉ "ልዕልቲቱ እኔ ቤት ሦስት ሰዓት ተቀመጡ፣ ሌላ ቤት እኮ ሩብ ሰዓት ነው" እያሉ ሲኩራሩ ሰነበቱ።

እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ነበር። ነገሩ የመረረው በኔሊ ዶጅ ምክንያት ነው።

ኔሊ የልብስ አጠባ ቤት ሠራተኛ ናት። እጆቿ በሳሙና ብዛት ቀልተዋል፣ ምላሷ ከማንም አያንስም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከልዕልቲቱ ጎን ትቆማለች። አንድ ቀን ጋሪ ሊገጫት ሲል አንድ እግሯን የእግረኛው መንገድ ላይ አወጣች። በዚያች እግር ሁለት ሳምንት ታሰረች። በዚያው ሰዓት ልዕልት ሄማላታ ሁለቱንም እግራቸውን፣ ውሻውን ጨምረው፣ እዚያው መንገድ ላይ አሳርፈው ነበር። ማንም ዝር አላለባቸውም።

ኔሊ ስትፈታ ጉንጯ ሰርጉዶ ወጣች። ልዕልቲቱ እስር ቤቱ በር ላይ አበባ ይዘው ጠበቋት። ከዚያ ቀን ወዲያ አንድ ሐሳብ ብቻ ቀራቸው፤ እሱም መታሰር ነው።

ኢንስፔክተር ስትሬትሊ ይህን ሲሰማ ፒግራምን ቢሮው አስጠርቶ በሩን ዘጋ።

"ስማኝ፣ ፒግራም። የንጉሡ ቤት ውስጥ የምትኖር ልዕልት አሥረን ምን ልንል ነው? በማግሥቱ ከቤተ መንግሥት አንድ ሰው መጥቶ እኔ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ወሬው ህንድ ድረስ ይሄዳል። እስከ ሰኔ እጅህን ከሷ ላይ አንሳ። በሰኔ ሃምሳ አለቃ ነህ።"

"ሕግ ብትጥስስ፣ ጌታዬ?"

"አትጥስም።"

"ብትጥስስ?"

"ዞረህ ግንቡን ተመልከት።"

ሃምሳ አለቃነት ለፒግራም እጅጌው ላይ የሚሰፋ ጨርቅ ብቻ አይደለም። ሃምሳ አለቆች የሚኖሩበት ቤት አለ፤ ደረቅ፣ ፀሐይ የሚገባው፣ ትልልቅ መስኮት ያለው። እነ ፒግራም ያሉበት ቤት ግድግዳው ክረምት ከበጋ ያለቅሳል። አዳ የአዲሱን ቤት መስኮት በዓይኗ ለክታ መጋረጃውን መስፋት ጀምራለች። ፒግራም ያንን ሰማያዊ ጨርቅ ጭኗ ላይ ዘርግታ ሲያያት ልቡ ይሞቃል። ስለዚህ ግንቡን ለመመልከት ቆረጠ።

መመልከቱ ቀላል አልነበረም። በተከታዩ ቅዳሜ ልዕልቲቱ ጣቢያው አጠገብ ያለ የትንባሆ ሱቅ በር ላይ ተገትረው ቆሙ።

"አቶ ፒግራም፣ መተላለፊያ ዘግቻለሁ።"

"አልዘጉም፣ ልዕልት። በግራም በቀኝም ያልፋል።"

ጃንጥላቸውን ዘረጉ። "አሁንስ?"

"ደግ አደረጉ። ሳይዘንብ አይቀርም።"

በሚቀጥለው ሳምንት በጃንጥላው ጫፍ ቆቡን ከራሱ ላይ አሽቀንጥረው ጣሉት። ፒግራም ጎንበስ ብሎ አነሳ፣ አቧራውን አራገፈ፣ "ነፋሱ ዛሬ በርትቷል" አለና መልሶ አጠለቀው። ቅጠል አይንቀሳቀስም ነበር። ሻንጣ ተሸካሚዎቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ከዚያ እንቁላል አመጡ። ልዕልቲቱ በሕይወታቸው ዕቃ ወርውረው አያውቁም፤ የወደቀ የሚያነሳላቸው ሰው እያለ ማን ይወረውራል? ያነጣጠሩት ፒግራም ላይ ነው፣ ያረፈው ቄሱ ደረት ላይ። ቄሱ ቀና ብለው ማን እንደሆነ አዩ፣ አስኳሉን በመሐረብ ጠረጉ፣ ባርኔጣቸውን አነሱ፤ "እንደምን ዋሉ፣ ልዕልት" ብለው አለፉ።

በመጨረሻ በጥፊ ሊመቱት መጡ። ፖሊስ የመታ ሰው ያለ ጥያቄ ይታሰራል፤ ይህን ሕፃን ያውቃል። ግን እንዴት እንዳደጉ ታውቃላችሁ፤ መጀመሪያ ጓንታቸውን አወለቁና "ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አቶ ፒግራም፣ አሁን ልመታዎ ነው" አሉት። መቱት። ከዚያ ፊታቸው ተለዋወጠ። "አመመዎት እንዴ?"

"ኧረ ምንም፣ ልዕልት። ዝንቧን ስላባረሩልኝ አመሰግናለሁ።"

"ዝንብ አልነበረም።"

"ትልቅ ዝንብ ነበረች።"

ከተማው በሳቅ ሞተ። ፒግራምም ማታ ለአዳ ሲያወራላት ይስቃል። አዳ ትሰፋለች፣ አትስቅም።

"ዋልተር፣ ሴትዮዋን ለምን አታስራቸውም?"

"ሃምሳ አለቃነቱስ?"

አዳ ግድግዳውን አየች። ከዚያ መርፌዋ ውስጥ ክር ከተተች።

ግንቦት ሲያልቅ አንድ ሚኒስትር በባቡር መጥቶ ንግግር ሊያደርግ ሆነ። ኢንስፔክተር ስትሬትሊ የደንብ ልብሱን ቁልፎች አስወልውሎ ራሱ ጣቢያው ጥግ ቆመ። ሚኒስትሩ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ኔሊና ልዕልቲቱ ከቦዩ ወጡ። የእግረኛው መንገድ መሃል ላይ ጎን ለጎን ቆመው "ድምፅ ለሴቶች" የሚል ጨርቅ በሁለት ጫፍ ይዘው ወጠሩ። እውነተኛ መተላለፊያ መዝጋት ይኸውላችሁ፤ ድመት አያሳልፍም።

"ፒግራም፣ አጣቢዋን ውሰዳት።" አለ ኢንስፔክተሩ።

"ሌላዋስ፣ ጌታዬ?"

"ሌላ ማንም አይታየኝም።"

ፒግራም ሄዶ እጁን ኔሊ ትከሻ ላይ አደረገ። ትከሻዋ አጥንት ብቻ ነበር።

"እጅዎ ዛሬ ቀዝቅዟል፣ አቶ ፒግራም፤ አዳ ጓንት አትሠራልዎትም?" አለችው ኔሊ። ስትናገር ግን ከንፈሯ ይነጣል። በዚያ ዓመት ስትታሰር ሦስተኛዋ ነው፤ የአጠባ ቤቱም ባለቤት "አሁንስ ከታሰርሽ አትመለሺ" ብሏታል።

ጨርቁ በአንድ ጫፉ መሬት ወደቀ። ልዕልት ሄማላታ ሌላኛውን ጫፍ እንደያዙ ፒግራም ፊት መጥተው ቆሙ። ጃንጥላቸውን አላነሱም። ፒግራም ፊታቸው ላይ ያንን የለመደውን ተንኮል ፈለገ፣ አጣው።

"አቶ ፒግራም፣ ኔሊ ያደረገችውን ሁሉ አድርጌያለሁ?"

"አድርገዋል።"

"ከሷ አብልጬ አላደረግሁም?"

"የቄሱ እንቁላል ከተቆጠረ፣ አብልጠዋል።"

"ታዲያ እሷ እስር ቤት ስትሄድ እኔ ለምን ቤቴ ገብቼ ሻይ እጠጣለሁ?"

ፒግራም ዓይኑን ወደ ግንቡ አዞረ።

"ልንገርዎት። ከሰው ስለማልቆጠር ነው። ለጌጥ ነው የተቀመጥኩት። አባቴንም እንዲሁ ነው ያደረጉት። አገሩን ወስደው የክብር ወንበር ሰጡት። ሲቆጣ ፈገግ ይሉለታል፣ ሲጮኽ ወይን ይቀዱለታል። አንድ ቀን እንኳ 'ተሳስተሃል፣ ዝም በል' ያለው ሰው ሳያገኝ ሞተ። እኔ እንደሱ መሞት አልፈልግም።" ድምፃቸው ዝቅ አለ። "እባክዎ።"

ፒግራም ወራት ሙሉ ውለታ የሚውልላቸው ይመስለው ነበር። አሁን እያንዳንዱ ነፋስና እያንዳንዱ ዝንብ እንዴት እንዳዋረዳቸው ገባው። አፈረ። ማንም ግን ጻድቅ አያድርገው፤ መጋረጃውንም አስቧል። ሰማያዊውን ጨርቅ፣ ትልልቆቹን መስኮቶች፣ አዳን። አስቦ ሲያበቃ ሌላኛውን እጁን አነሳና ፀጉራሙ ካፖርት ላይ አሳረፈው።

"ልዕልት ሄማላታ፣ መተላለፊያ በመዝጋት በንጉሡ ስም ይዤዎታለሁ።"

"እግዜር ይስጥልኝ።" አሉ ልዕልቲቱ። ከዚያ እንባቸው መጣ።

"ኧረ ልዕልት፣" አለች ኔሊ፣ "እያለቀሱ ከሄዱ ተጸጽተዋል ብለው ያወሩብናል። ቀና ይበሉ።"

ቀና አሉ። ፒግራም አንዷን በግራ አንዷን በቀኝ ይዞ ዋናውን መንገድ ተያያዘው። ጄኔራል ከኋላ ይከተላል። ከውሻው ኋላ ደግሞ ኢንስፔክተር ስትሬትሊ ቆቡን በእጁ ይዞ ይሮጣል።

"ፒግራም፣ ልቀቃት። እብድ ነህ? ልዕልቲቱን ልቀቃት።"

"እርስዎ እኮ ሌላ ማንም አይታየኝም ብለዋል፣ ጌታዬ።" አለ ፒግራም፣ ሳይዞር።

ዳኛው ለሁለቱም እኩል አንድ አንድ ሳምንት ፈረደባቸው። ከቤተ መንግሥት ማንም አልመጣም። ሰኔ ደረሰ፤ ሃምሳ አለቃነቱን ሌላ ሰው ወሰደው።

ፒግራም ይህን ለአዳ የነገራት ጫማውን እያወለቀ፣ ዓይኗን ሳያይ ነው።  አዳ መጋረጃውን ከሳጥን አወጣችና ወደ ትንሿ መስኮታቸው ይዛ ሄደች።

"ለዚህ ይረዝማል።" አለች።

"ይረዝማል።"

መቀሱን አነሳችና ቆረጠችው። ያን ምሽት ከዓሣው ትልቁን ቁራጭ የሰጠችው ለሱ ነው።

ኢንስፔክተሩ ፒግራምን ከጣቢያው ጥግ አንስቶ ጋዝ ፋብሪካው ጋ ወረወረው። እዚያ ከግንብና ከጥላሸት በቀር ምንም የለም። ሠራተኞቹ ሲለቀቁ ግር ብለው ያልፋሉ፣ ከዚያ ጭር ይላል። ፒግራም "እፎይ፣ አሁን ቆቤ ራሴ ላይ ይቆያል" አለ። አንድ ቅዳሜ በሰላም አለፈ። በሁለተኛው ቅዳሜ ግን ወደ ከተማው በሚወስደው ድልድይ በኩል የሚመጣ የሚሄደውን ሲያይ ዋለና በራሱ ተናደደ።

በሦስተኛው ዝናብ እየጣለ ነበር። ልዕልት ሄማላታ ጋዜጣቸውን በክንዳቸው ታቅፈው በድልድዩ መጡ። ፀጉራሙ ካፖርት የለም፤ ኔሊ ላይ ነው። እስር ቤቱ ሲያስወጣቸው ለሷ ደርበውላት በዚያው ቀርቷል።

"እንደምን ዋሉ፣ አቶ ፒግራም።"

"ልዕልት፣ ሰው ያለው ጣቢያው ጋ ነው። እዚህ ምን ያደርጋሉ?"

"ጣቢያው ጋ ኔሊ አለች። ሥራ አግኝታለች፣ የእኔን ቤት ልብስ እሷ ናት የምታጥበው፤ ሳሙናዬ መናኛ ነው እያለች ትቆጣኛለች።" ይህን ሲሉ ፊታቸው በራ። "አዲሱ ፖሊስ ደግሞ ለዛ የለውም። እንቁላል ባሳየው ሊያስረኝ ይመጣል።" ከዚያ አሳላቸው። ሳላቸው ከደረት የሚመጣ፣ ጎንበስ የሚያደርግ ነበር።

"ይህ ሳል ምንድን ነው? በዚህ ዝናብ ማን ውጡ አለዎት?" አለ ፒግራም። ልክ አዳን በሚቆጣበት ድምፅ እንደተቆጣቸው ያወቀው ከተናገረ በኋላ ነው።

"ጋዜጣው ሳያልቅ አልገባም።"

"ይግቡ።"

"አልገባም።"

ፒግራም የፖሊስ ካባውን አውልቆ ትከሻቸው ላይ ጣለው፤ አንገታቸው ሥር ቆለፈላቸው። ልዕልቲቱ "እምቢ፣ አይሆንም" ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሳሉ ቀደማቸው። ካባው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ወረደ። ዝናቡ አሁን የሚወርደው ፒግራም ላይ ነው። ወገኛ፣ ችኮ፣ ዕድሜውን ያሳጠሩ ሴት ናቸው፤ ይወዳቸው ነበር፣ ሌላ ስም ቢፈልግለትም አላገኘም።

የፋብሪካው ፉጨት ተነፋ። ሠራተኞቹ ፊታቸው በጥላሸት ጠቁሮ ወጡ፣ ያዩትንም ማመን አቃታቸው። የፖሊስ ካባ የለበሱ ሴት ጋዜጣ ይዘዋል፤ ካባ የሌለው ፖሊስ ከጎናቸው በስብሶ ቆሟል። አንድ ሽማግሌ እሳት አንዳጅ ጠጋ አለ።

"አንተ ፖሊስ፣ ይሄን ጋዜጣ አሁን እናንተ ናችሁ እንዴ የምትሸጡት?"

ፒግራም ግራ ቀኙን አየ። ጢሙ ላይ ያለውን ውኃ ጠረገና ከልዕልቲቱ ክንድ ላይ አንድ ጋዜጣ መዞ ለሰውዬው ዘረጋለት።

"ግዛ።" አለው። "ካልጨረሱ ቤታቸው አይገቡም፤ ሲያስላቸው አልሰማህም?"